ብድግ ማለት ያቃተን ዓርብ

ልጆቼ ይወዱኛል። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ የማወራውን ሰምታችሁ ልጆቼን እንዳትቀየሙብኝ። ክፉ ልጆች ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰብን ነበር። የደረሰብን ጥሩ ልጆች ስለሆኑ ነው።

ሸምሱ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከስልጤ አገር በልጅነቴ ወጥቼ ሐዋሳ ገባሁና አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ ገበያው ዳር፣ በሰው በረንዳ ላይ አንዲት የእግር ስፌት መኪና ዘርግቼ ተቀመጥኩ። በዚያች መኪና ሱቅ ከፈትኩ፣ ትዳር ያዝኩ፣ ልጅ አሳደግኩ፣ ታቦር ዳገቱ ላይ ይህችን ቤት ሠራሁ። ቀን ሙሉ ፔዳል ስረግጥ ውዬ ማታ ዳገቱን በእግሬ እወጣ ነበር። ባጃጅ መሳፈር የሰነፍ ነገር ይመስለኝ ነበር። ጉልበት የሚባል ነገር አለኝ ብዬ አስቤም አላውቅ። ጨጓራውን አሞት የማያውቅ ሰው ጨጓራ እንዳለው ትዝ ይለዋል እንዴ?

ዓይኔ ደከም ሲል ልጄ አብዱ ሱቁን ተረከበኝ። «አባባ፣ በቃ አሁን ይረፉ። ዕድሜ ልክዎን ለፉ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። አገራችንን ታውቁታላችሁ። ገበያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጆንያ ተሸክሞ ከታየ ሰው «ጤና ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ልጅ የለውም እንዴ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። አባቱን የሚያሠራ ልጅ መንደር ውስጥ ቀና ብሎ መሄድ አይችልም። ስለዚህ አብዱ አንድ በአንድ ሁሉን ነገር ከእጄ ተቀበለኝ። መኪናዬን ከሱቅ አስመጥቶ ቤት ኮሪደር ላይ አቆማት። ገበያ መሄድ ቀረ። ወደ መስጊድ የሚያመላልሰኝ ባጃጅ ተኮናተረልኝ። ቀጥሎ መስጊድ ውስጥ ከኋላ የፕላስቲክ ወንበር ተቀመጠልኝና ወንበር ላይ ሆኜ መስገድ ጀመርኩ። እሱም ጥቂት ቆይቶ «ጉልበትዎን ካመመዎት ቤት ይስገዱ፣ አላህ ያውቃል» ተባለና ቤት ቀረሁ።

ባለቤቴ ዘይነባም እንደዚሁ ናት። ስኳር ከያዛት ወዲህ ውሃ አትቀዳም፣ ልብስ አታጥብም፣ ቤት የምትሠራ ልጅ ተቀጠረላት። አንድ ብርጭቆ ላነሳ ብል «ኧረ ይቀመጡ!» የሚል ድምፅ ከሆነ ቦታ ይመጣል። «ይቀመጡ» የምትለዋን ቃል የሰማሁትን ያህል ስሜን አልሰማሁም።

እኛም ተቀመጥን። ከሶፋ ስነሳ «ያ አላህ!» እያልኩ መደገፊያውን መጫን ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ እሱም አልበቃ አለኝ፤ ዘይነባ እጄን ትስበኛለች፣ እኔ ደግሞ እሷን እስባታለሁ። እርጅና ነው ብለን ተውነው። ምንም ሳንሠራ ጠዋት ደክሞን እንነሳለን፣ ምንም ሳንሠራ ማታ ደክሞን እንተኛለን። እንዲህ ያለ ድካም በወጣትነቴ የሱፍ ኮት እየሰፋሁ ሳነጋ እንኳ አላውቀውም።

ያ ዓርብ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ቤት የምትሠራው ልጅ የእህቷ ሠርግ ነው ብላ ዋዜማውን አገሯ ሄዳለች። የአብዱ ሚስት ሰሚራ ስልክ ደውላ «ምሳ ከጁምዓ በኋላ ይዤ እመጣለሁ። ለቁርስ ልጅቷ ዳቦውን ወጥ ቤት ቆርጣ፣ ሻዩን ፔርሙዝ ውስጥ አድርጋ ሄዳለች። ብቻ እናንተ አትልፉ» አለችን። እነሱ የሚኖሩት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው፤ ታቦር ቅርባቸው አይደለም።

ጠዋት ዘይነባ እንደ ልማዷ የስኳር መርፌዋን ሆዷ ላይ ወጋች። መርፌው ከተወጋ በኋላ ምግብ መዘግየት የለበትም፤ ሐኪሙ ይህን ለእኔም ለሷም ደጋግሞ ነግሮናል።

«ዳቦውን ላምጣ» ብላ ከሶፋው ለመነሳት ተፍገመገመች።

«ተቀመጪ፣ እኔ አመጣለሁ።»

«አንተ ተቀመጥ! መቼ መቆም ችለህ ነው ደግሞ?»

ዘይነባ ሰው ፊት አንቱ ትለኛለች። ቤት ውስጥ ግን አንተ ነኝ፣ ሲከፋት ደግሞ አንተ ሰውዬ። እንዲህ «ተቀመጥ፣ ተቀመጪ» ስንባባል እልህ ይዟት ብድግ አለችና ሁለት እርምጃ ሳትሄድ እግሯ የምንጣፉ ጠርዝ ያዘው። ሌላ ሰው ቢሆን ሌላኛውን እግሩን ቶሎ ሰንዝሮ ይተርፋል። የሷ እግር አልቀደመላትም። በእጇ መሬቱን ልትመክት ብላ ሙሉ ሰውነቷ ክንዷ ላይ ወደቀ። ቀጭ ሲል ሰማሁት።

«ዘይነባ!»

«እጄን! ወይኔ እጄን!»

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፣ በድንጋጤ አጠገቧ ደረስኩ። ከኋላዋ ሆኜ እጄን በብብቷ አስገብቼ ሽቅብ ሳብኳት። እሷን ከመሬት ሳላላቅቅ የራሴ ጉልበት ከዳኝ። ወደቅሁ ማለት አይቻልም። መጀመሪያ ተንበረከክሁ፣ ቀጥዬ ተቀመጥኩ፣ በመጨረሻ ጎኗ ተጋደምኩ።

ሁለታችንም ጣሪያውን አየን።

«አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣህ?» አለችኝ።

«ላነሳሽ።»

«ታዲያ አነሳኸኝ?»

ሳቅን። በአላህ ስም እምላለሁ፣ እጇ ተሰብሮ ሳቅን። እስክንነሳ ድረስ የሚቆይ ቀልድ መስሎን ነበር።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሶፋውን ነው። በእጅና በጉልበቴ እየዳሁ ሄጄ ደረቴን ላዩ ላይ ጥዬ ገፋሁ። ሶፋው ለስላሳ ነው፤ ክንዴ ሰመጠ፣ ሶፋው ደግሞ በሴራሚኩ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ቀጥዬ የፕላስቲክ ወንበር ያዝኩ፤ ተገልብጦ ራሴ ላይ መጣ። ቀስ ብዬ፣ እየተጠነቀቅሁ፣ ትንሽ ከፍ እልና እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ እዚያው ላይ ጉልበቴ ያልቅና ተመልሼ ቁጭ። አሁንም ቀስ ብዬ፣ አሁንም ቁጭ።

ስልኩ ጠራ። ቡፌው ላይ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። ከወለል ሆነን አንጋጠን አየነው። ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።

«ተኝተዋል ይላሉ» አለች ዘይነባ።

«ጩኺ እስቲ።»

ሁለታችንም ጮህን። ጎረቤታችን እማማ አስቴር ጠዋት ጠዋት መዝሙር ከፍ አድርገው ይከፍታሉ። የእኛ ድምፅ የሳቸውን መዝሙር አልፎ የሚሄድ አልሆነም። በሩም ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ ሌባ በዛ ብሎ አብዱ ራሱ ያስገጠመው የብረት መቀርቀሪያ ነው፣ ያውም ከፍ ያለ።

ዘይነባ ወሬ ቀነሰች። እጇን እንደ ሕፃን አቅፋ ተኝታ ነበርና ሕመሙ ነው ብዬ ዝም አልኳት። በኋላ ግንባሯን ስዳስሰው በላብ ርሷል፣ ቀዝቅዟል። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።

«ዘይነባ፣ ስኳርሽ እየወረደ ነው መሰለኝ።»

«ነስሩ፣ በሩን ዝጋው እስቲ» አለችኝ።

ነስሩ ወንድሟ ነው፤ ከሞተ ቆይቷል። አሁን ስለ እጇም ስለ ጉልበቴም ማሰብ ተውኩ። ይህች ሴት አፏ ውስጥ የሚጣፍጥ ነገር ካልገባ እዚሁ አጠገቤ እያየኋት ልታልፍ ነው። መርፌውን ወስዳለች፣ ምንም አልቀመሰችም። ዳቦው ወጥ ቤት ነው፤ የስኳሩ ዕቃ ደግሞ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ከብርጭቆዎቹ ጋር፣ ራሷ በኪሮሽ በሠራችው ዳንቴል ላይ ተደርድሯል። ከወለል ሆኜ እጄን ብዘረጋ የምደርሰው የዳንቴሉ ጫፍ ላይ ብቻ ነው።

ያዝኩት። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝ።

«ዳንቴሌን እንዳትጎትት!» አለችኝ ጥርት ባለ አማርኛ።

ጎተትኩት። ብርጭቆው፣ ሳህኑ፣ የስኳሩ ዕቃ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ሴራሚኩ ላይ ተከሰከሰ። ስኳሩ ተበተነ። ከላይ ከላዩ ንጹሕ የሆነውን በጣቴ እየቆነጠርኩ ምላሷ ላይ አደረግኩላት። «ዋጪው፣ እናቴ፣ ዋጪው።» እሷን እናቴ ብያት አላውቅም ነበር። ቆንጥሬ ቆንጥሬ የሚቀመሰው አለቀ፤ የቀረው ከብርጭቆው ስብርባሪ ጋር ተቀላቅሎ ያብለጨልጫል። በእጄ መዳፍ ላይ ደም አየሁ፣ ስሜቱ ግን የለኝም።

ጥቂት ቆይቶ ዓይኗ ጠራ።

«ዳንቴሉን ጎተትከው አይደል?»

«ጎተትኩት።»

«እኔ አልሠራልህም ሁለተኛ።» አልቅሼ ነበር፤ ሳታይ ፊቴን ጠረግሁ።

ነገር ግን ይህ ስኳር ለጊዜው ብቻ እንደሆነ እናውቃለን። ምግብ ያስፈልጋታል። ጊዜው ሄደ። ስልኩ ደግሞ ጠራ፣ ደግሞም ዝም አለ። ከታች ከተማው የጁምዓ አዛን ተሰማ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «አሁን አብዱ መስጊድ ሲያጣህ ደንግጦ ይመጣል።»

አፌን ከፍቼ «አዎ» ልል ስል ነገሩ ታየኝ። አብዱ መስጊድ የሚያጣኝ እንዴት ነው? እኔ መስጊድ ከቀረሁ ስንት ጊዜዬ! ድሮ አንድ ጁምዓ ብቀር ከሰላት በኋላ በር የሚያንኳኳው ብዙ ነበር። ገበያ ብቀር ባለ ሱቆቹ «ሸምሱ ምነው?» ይሉ ነበር። አሁን ከየትም አልጠፋም፤ የምጠበቅበት ቦታ የለማ። ልጆቼ እንዳልደክም ብለው ከየቦታው አንስተውኛል። ሰሚራ እንኳ ምሳውን ይዛ ከምሥራቅ እስክትደርስ ስኳሩ አይጠብቅም። ድፍን ሐዋሳ እንደ ወትሮው ይውላል፣ እኛ ወለል ላይ እንዳለን።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ልንገራችሁ። ፍርሃት አይደለም። ድካም ነው። ዓይኔን ልክደን፣ ይብቃኝ፣ የመጣው ይምጣ የሚል ድካም። እንደዚያ ብዬ ትንሽ ቆይቼ ሳይ የዘይነባ ግንባር እንደገና በላብ ረጠበ።

ወደ ኮሪደሩ ዳሁ። ብርጭቆውን በክንዴ እየጠረግሁ፣ በሆዴም በጉልበቴም። ኮሪደሩ ላይ መኪናዬ ቆማለች። የቤት ጌጥ አድርገዋታል፤ ጨርቅ አልብሰው የፕላስቲክ አበባ አስቀምጠውባታል። አብዱ ለብረት ገዢ ሊሸጣት ብሎ እናቱ ናት ያስቀረቻት። እግሯ የብረት ነው፤ ሁለት ጎረምሳ ነው ተሸክሞ ያስገባት። እሷ አትንሸራተትም፣ አትሰምጥም፣ አትገለበጥም።

ጨርቁን ከነአበባው ገፍፌ ጣልኩት። ተንበርክኬ ጠርዟን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ቀኝ እግሬን አወጣሁና፣ እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ፣ ፔዳሉ ላይ አደረግሁት! ፔዳሉ ተንቀሳቀሰ፣ እግሬ ተንሸራተተ፣ አገጬ ከጣውላው ጋር ተጋጨ። ዕድሜዬን ሙሉ የረገጥኩት ፔዳል ጉድ ሠራኝ። ሁለተኛ ጊዜ እግሬን መሬት ላይ አቆምኩ። ቀስ ብዬ መነሳት ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ተመለስኩ።

«አቃተኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ከሳሎን ድምፅ መጣ። ቀጭን ሆኗል፣ ግን የሷ ነው።

«ቀስ አትበል! ቀስ ስትል ነው የሚያልቅብህ!»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ብድግ በል! ድሮ ደንበኛ ሲመጣብህ እንደምትነሳው! ብድግ በል አንተ ሰውዬ!»

እግሬን ወደ ራሴ አስጠጋሁ። ደረቴን ወደ ፊት ጣልኩ። «ያ አላህ!» አልኩና እንዳለኝ ባንዴ፣ ሳልሰስት፣ ሽቅብ ተወረወርኩ። ጉልበቴ ጧ አለ። ቆሜያለሁ። መኪናዬን አቅፌ ቆሜያለሁ።

«ተነሳህ?»

«ተነሳሁ።»

ግድግዳ እየተደገፍኩ ወጥ ቤት ገባሁ። ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነከርኩ፣ ስኳር ጨመርኩ። ይዤ ሳሎኑ በር ላይ ስደርስ አዲስ ችግር መጣ። ላጎርሳት ወደ ታች ብወርድ፣ ሁለተኛ እነሳለሁ? በሩ አሁንም ዝግ ነው። ቆሜ አየኋት፣ ተኝታ አየችኝ። ገባት።

«እንዳትወርድ» አለችኝ። «ወርውርልኝ።»

ሐምሳ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ትዳር ውስጥ ለሚስቴ ዳቦ ወርውሬ አላውቅም። ሻይ የጠጣ ቁራሽ ከቁመቴ ወረወርኩላት፤ ጉንጯ ላይ ጠፍ ብሎ አረፈ። በደህና እጇ አንስታ በላች። ሌላ ወረወርኩ፣ በላች። «ለድመት እንኳ እንዲህ አይደረግም» አለች እያኘከች። ቀልድ ስትጀምር ነው ነፍሴ የተመለሰችው።

ከዚያ መቀርቀሪያውን ከፈትኩ። እማማ አስቴርን በስማቸው ጠራሁ፤ «ኢየሱስ!» እያሉ በነጠላ ጫማ ሮጠው መጡ። ስልኩን አንስቼ ለአብዱ ደወልኩ። ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ወለሉን፣ ደሙን፣ ስኳሩን አየና እንደ ልጅነቱ አለቀሰ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ብቻችሁን ጥያችሁ! ሁለተኛ ከዚህ ወንበር አትንቀሳቀሱም። ሌት ተቀን የሚያነሳችሁ ሰው እቀጥራለሁ» አለ።

ዘይነባ ሰማችው። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።

እጇ ተሰብሮ ነበርና በጀሶ ታሰረ። ጀሶው ሲፈታ ሆስፒታሉ ውስጥ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላኩን። አንዲት ወጣት ባለሙያ ናት፤ የዘይነባን እጅ እያሠራች የወደቀችበትን ታሪክ ጠየቀችን። ነገርናት። ሥራዋን አቁማ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ እስቲ ክንድዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩና ከዚህ ወንበር ይነሱ።»

አብዱ ሊደግፈኝ ዘሎ መጣ። «ይተዉዋቸው» አለችው። ሞከርኩ። ቂጤ ከወንበሩ አልተላቀቀም። እንዲህ በሰው ፊት አፍሬ አላውቅም።

«ምን ነበር ሥራዎ?» አለችኝ። ነገርኳት። ዳገቱንም፣ ፔዳሉንም። ካቆምኩ በኋላ የሆነውንም።

«እርጅና የራሱን ድርሻ ይወስዳል፣ አልዋሽዎትም» አለች። «ግን ይህን ሁሉ እርጅና ብቻ አልወሰደውም። ብዙውን የወሰደው ወንበሩ ነው። ጡንቻ ካልሠራ ይሟሽሻል፤ በዚህ ዕድሜም ከሠራ ደግሞ ይመለሳል። የተደናቀፈ ሰው ከመውደቅ የሚተርፈው እግሩን ቶሎ መሰንዘር ከቻለ ነው። ስለዚህ ጉልበት ብቻ አይደለም የሚያስፈልግዎ፣ ፍጥነትም ጭምር ነው።»

«ብድግ ማለት» አለች ዘይነባ።

«አዎ እማማ፣ ልክ እሱን ነው።»

ያሳየችን ነገር ቀላል ነው። ግድግዳ ከተጠጋ ጠንካራ ወንበር ላይ መነሳት፤ መጀመሪያ በእጅ እየተደገፉ፣ ኋላ ያለ እጅ። ሲነሱ ፈጠን ብሎ፣ ሲቀመጡ በጣም ቀስ ብሎ። የማይነቃነቅ ነገር ይዞ በእግር ጣት መቆም። ደረጃ መውጣት። ውሃ የሞላ ጠርሙስ በእጅ ማንሳት፣ ሲቀል ከበድ ያለውን። አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን ማረፍ። ዘይነባ ሳትበላ እንዳትሠራ፣ አጠገቧም ሰው እንዲኖር። «ካመማችሁ ወይ ካዞራችሁ አቁሙ» አለችን። «ጭናችሁ ስለደከመ ብቻ ግን አትፍሩ። እንዲደክም ነው የምትሠሩት።»

መንገድ ላይ አብዱ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ «አባባ፣ ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አሉት። ከገበያ ሽንኩርትና ድንች በሁለት እጄ ይዤ ዳገቱን ስወጣ ባጃጅ ነጂዎች እየቆሙ «አባባ፣ በነፃ እናድርስዎ» ይሉኛል። የሰፈር ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። «ሀብታም ልጅ እያለው!» ይላሉ እኔ እየሰማሁ። እማማ አስቴር ራሳቸው አንድ ቀን ዘንቢሉን ከእጄ ነጥቀው እስከ በር ተሸከሙት። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኳቸውና እሳቸው ከገቡ በኋላ ተመልሼ ወርጄ እንደገና ወጣሁት። አብዱ ይህን ሰምቶ ተቆጣኝ።

«ያሳፍሩኛል አባባ!»

«ልጄ» አልኩት፣ «እናትህ ዳቦ የተወረወረላት ቀን ሰው ምንም አላለም። ማንም አላየማ።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ዘንቢሉ አንስቶብኝ አያውቅም።

ዳንኩ ብዬ አልመጻደቅባችሁም። ጉልበቴ ያመኛል፣ ዝናብ ሲመጣ በተለይ። አንዳንድ ጠዋት ወንበሩን አይቼ «ዛሬስ ይቅርብኝ» እላለሁ፣ ቀርቶብኝም ያውቃል። ወደ ወጣትነት የሚመልስ ነገር የለም። ወንበር ላይ ሳለሁም አሁንም ይደክመኛል፤ ብቻ ያኔ የሚያደክመኝ መቀመጥ ነበር፣ አሁን የሚያደክመኝ ሥራ ነው። በዚህኛው እንቅልፍ ይወስደኛል። መኪናዬን ጨርቋን አንስቼ ዘይት አጠጥቻታለሁ፤ የልጅ ልጆቼን ሱሪ ጫፍ አጥፍባታለሁ፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ዘይነባ ታስገባልኛለች። መስጊድም ወንበሩን ለሌላ ሰው ለቅቄ ሰልፍ ውስጥ ገብቻለሁ። ግንባሬን መሬት አስነክቼ ከሱጁድ ስነሳ እጄን መሬት እጫናለሁ፣ ግን እነሳለሁ። አንድ ጁምዓ አሞኝ ብቀር ማታ በር ተንኳኳ። «ሸምሱ ምነው?» አሉ። ዘይነባ በሩን ልትከፍት ስትሄድ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

እናት አባት ያላችሁ፣ ይህን የምነግራችሁ ልወቅሳችሁ አይደለም። አልጋ ላይ የዋለ ሰው አለ፣ ሐኪም ተቀመጥ ያለው ሰው አለ፤ ስለሱ አላወራም። የምናገረው እግሩ እየሠራ ስለ ክብሩ ተብሎ ወንበር ላይ ስለተተከለው ነው። ዘንቢሉን ከእጁ ከመቀበላችሁ በፊት እስቲ አንድ ጊዜ ፊቱን እዩት። ከሶፋ ሊነሳ ሲፍገመገም እጁን ለመሳብ አትቸኩሉ፤ አጠገቡ ሁኑና ጠብቁት። መጠበቅ ከማንሳት ይከብዳል፣ የልጄን ፊት አይቼ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ነግሬያችሁ ላብቃ።

ዘይነባ አንድ የቀራት ነገር ነበር። ከወንበር ትነሳለች፣ ደረጃ ትወጣለች፤ ወለል ላይ መውረድ ግን እምቢ አለች። ያ ቀን ከሆዷ አልወጣም። «እሞክራለሁ» ያለችው ራሷ ናት። ቁርሷን በላች። በሩን ሳንቀረቅር ተውነው። የስፌት መኪናዋን ይዘን ቀስ ብለን ወረድንና ኮሪደሩ ላይ፣ ሁለት ሽማግሌ፣ ተዘርፍጠን ተቀመጥን።

«ፈራሁ» አለችኝ።

«እኔም።»

ይህን ስንባባል በሩ ተከፈተና አብዱ ገባ። እናትና አባቱን ወለል ላይ ሲያይ የያዘው ፌስታል ከእጁ ወደቀ። «ያ አላህ! ያ አላህ!» እያለ ሮጦ መጥቶ በእናቱ ብብት እጁን ሊያስገባ ጎንበስ አለ።

«አትንካን!» አለችው።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እማማ…»

«አትንካን አልኩህ። እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ በል።»

ልጄ ቁጭ አለ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ምን እንደሚሠራባቸው ጠፍቶት፣ እንባው እየወረደ ተመለከተን። ዘይነባ የመኪናዋን ጠርዝ ያዘች። እግሯን ፔዳሉ ላይ እንዳታደርግ ልነግራት ስል ቀድማ መሬት ላይ ተከለችው። አንዴ ሞክራ ተመለሰች። አብዱ ከወንበሩ ተነሳ፣ ዓይኗን አይቶ ተቀመጠ።

«ቀስ አትበይ» አልኳት።

ብድግ አለች። ቆማ ትንሽ ተንገዳገደች፣ እግሯን ቶሎ ሰንዝራ ተስተካከለች። ነጠላዋን አራገፈች። ወደ እኔ ዞራ «አንተስ፣ እዚያው ልትውል ነው?» አለችኝ። ወደ ልጇ ዞራ ደግሞ «አንተ እንዳትነሳ፣ ሻይ ላመጣልህ ነው» ብላው ወደ ወጥ ቤት ሄደች።